የአትክልት ኩፖን የበሳሁባቸው ቅዳሜዎች

ጡረታ የወጣሁት በአሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። አባቴ ይህን ሲሰማ «ጡረታ የሚወጣው ወገቡን ያመመው ሰው ነው» ብሎ ይስቃል። የኔም ወገብ ክረምት ላይ የድንች ጆንያ ስጎትት አሞኝ ያውቃል፤ እሱን ግን አላነሳሁበትም። ሥራ ነበረኝ፣ ሥራው ከእኔ በፊት አለቀ፣ እኔም ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ለዚህ ከጡረታ ሌላ ስም አላገኘሁለትም።

ሥራዬ ኩፖን መብሳት ነበር። ኩፖኑን የሚያወጣው አንድ የእርዳታ ድርጅት ነው። በሰፈራችን አቅም ላነሳቸው ቤተሰቦችና ብቻቸውን ለሚኖሩ አረጋውያን በወር አንዴ ይሰጣል። ዘይት አይገዛበትም፣ ስኳር አይገዛበትም። አትክልትና ፍራፍሬ ብቻ ነው የሚገዛበት፤ እሱም በተመረጠች አንዲት ሱቅ፣ በተባለው ቅዳሜ ብቻ። ያ ቅዳሜ ካለፈ ኩፖኑ ተራ ወረቀት ነው። የተመረጠችው ሱቅ ከጠመንጃ ያዥ ወደ ልደታ ማርያም በሚያወርደው መንገድ ዳር ያለችው የእትዬ አባይነሽ ሱቅ ነበረች። እትዬ አባይነሽ የግቢያችን ጎረቤት ናቸው። እናቴ «ቅዳሜ ቅዳሜ ታግዝዎት፤ ውጤቷ የወረደ ዕለት ግን ቀረች» ብላ ሰጠቻቸው። የዚያን ጊዜ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር።

አሁን ድርጅቱ እርዳታውን በባንክ ይልካል። ሰው ከባንክ አውጥቶ የፈለገበት ሄዶ የፈለገውን ይገዛል። ጥሩ ነገር ነው፤ ኩፖን የሚበሳ ሰው ግን አያስፈልገውም። ስለዚህ ነው ትዝታዬን ለመጻፍ የተቀመጥኩት። ስጽፍ ደስ እንደሚለኝ ያወቅሁት ቅርብ ጊዜ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ማቆም አቅቶኛል።

የጡረተኞች ትዝታ ሁሉ ሹመት ይቆጥራል፤ እኔም ልቁጠር። የመጀመሪያ ምድቤ በግ ማባረር ነበር። በመንገዱ የሚያልፍ በግ ሁሉ የእትዬን ቆስጣ ሳይቀምስ አያልፍም። ሁለተኛው ምድቤ ውኃ መርጨት ነው። ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። ቆስጣና ሰላጣ ይረጫሉ፣ ቃሪያ አይረጭም፣ ድንች ከነጭራሹ ውኃ ማየት የለበትም። አንድ ቀን ቃሪያውን ሁሉ አርሼው፣ ሰኞ ዕለት ጫፍ ጫፉ ጠቁሮ ተገኘ። በቀጣዩ ቅዳሜ ስመጣ እትዬ አልተቆጡኝም። አንዱን ጥቁር ቃሪያ በእጄ አስይዘው «ይህን እያየሽ ዋዪ» አሉኝ። ቀኑን ሙሉ ይዤው ዋልኩ።

ሦስተኛውና የመጨረሻው ምድቤ መብሻው ነው። ኩፖኑ ላይ ሦስት ሳጥኖች ነበሩ፦ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ቢጫ። ድርጅቱ ሰዉ አንድ ዓይነት ብቻ እንዳይወስድ አስቦ ነው። ከአረንጓዴው ጎመን ወይም ቆስጣ ወይም ፎሶሊያ ስትወስድ አረንጓዴውን እበሳለሁ፤ ከቀዩ ቲማቲም ወይም ቀይ ሥር፤ ከቢጫው ካሮት፣ ዱባ፣ በወቅቱ ከሆነ ማንጎ። ድንቹ ነጭ ስለሆነ የትም አይገባም ነበር። እኔ ድርጅቱ ድንችን እንዴት ሊረሳ ቻለ እያልኩ ስጨነቅ እትዬ ከቢጫው ጋር መደቡት። «ስትቀቅዪው ልቡ ምን ይመስላል?» አሉኝ። እቤት ሄጄ ቀቅዬ አየሁ፤ እውነትም ወደ ቢጫ ይሄዳል።

ደመወዜ ወቅቱ ነበር። ማታ ሱቅ ሲዘጋ አንድ ፌስታል ይሞላልኛል፦ ግንቦት ላይ ማንጎ፣ ክረምት ላይ ኮክ፣ መስከረም ላይ የባቄላ እሸት። ወንድሞቼ ከበር ይቀበሉኝና ቤት ስገባ ግማሹ የለም።

ስለ እትዬ አባይነሽ አሠራር ብዙ መጻፍ እችላለሁ፤ ምክንያቱም በጣም ይገርመኝ ነበር። ትምህርት ሲዘጋ አትክልት ተራ ይዘውኝ ይሄዳሉ። ሌላው ነጋዴ «ስንት ነው?» ብሎ ይጀምራል። እሳቸው መጀመሪያ ሾፌሩን ፈልገው «መንገድ ላይ ዝናብ ነበር?» ይላሉ። ዝናብ ነበር ካለ መኪናው ጭቃ ይዞታል፤ ጭቃ ከያዘው አንድ ሌሊት በላዩ አድሯል፤ ስለዚህ ዛሬ ትኩስ የተባለው ጎመን የትናንት ወዲያ ነው። ይህን ሁሉ ከአንዲት ጥያቄ። ቀጥሎ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ጆንያው ውስጥ ይከታሉ። «የጆንያ አፍ የሚሞላው ለገዢ ዓይን ነው» ይላሉ፤ ከሥር አንድ ያወጣሉ፣ እሱን አይተው ይገዛሉ። ጥቅል ጎመንን በሁለት እጃቸው ሁለት ሁለት እያነሱ ይመዝናሉ፤ እኩል ትልቅ ሆኖ የቀለለው ውስጡ ባዶ ነው። ድንችን በአውራ ጣታቸው ጥፍር ፋቅ ያደርጉታል፤ ቆዳው ከተንሸራተተ ገና ልጅ ነው፣ አይቆይም። ዱባ ያንኳኳሉ። እኔም አንኳኳሁ፤ መጀመሪያ ሁሉም አንድ ዓይነት ነበር የሚሰማኝ፣ በዓመቱ ግን የበሰለውን ከጥሬው ለየሁት። በጣም ከመደሰቴ የተነሳ መንገድ ላይ ያየሁትን ዱባ ሁሉ ሳንኳኳ አላልፍም ነበር።

የጎመኑን የላይ ቅጠል ግን ማታ አይልጡም፣ ጠዋትም አይልጡም። «ልብሱን የሚያወልቀው ገዢው ፊት ነው» ይላሉ። የላይኛው ቅጠል ይጠወልጋል፣ ከሥሩ ያለው ትኩስ ሆኖ ይቆያል።

ኩፖን ይዘው የሚመጡትን ደግሞ ወቅቱን እንዲበሉ ይለምኗቸዋል። ኩፖኑ ላይ ያለው ብር ክረምት ከበጋ አንድ ነው፤ የቲማቲም ዋጋ ግን አይደለም። ነሐሴ ላይ ቲማቲም ካልሰጡን የሚሉ ነበሩ። «በነሐሴ ቲማቲም የገዛ ዝናብ ገዛ፤ በዚያው ብር ቀይ ሥር ውሰጂና ሁለት ቀን ብዪበት» ይላሉ እትዬ። አንዷ እናት ምክራቸውን ሰምታ ቀይ ሥር ወሰደች። በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ በሩ ላይ ጠበቀችን፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

«እትዬ፣ ልጄን ምን አብልተውብኝ ነው? ሽንቱ ደም ሆኗል።»

«አሞታል?»

«ኳስ እየተጫወተ ነው።»

«ቀይ ሥሩን በላ?»

«ሳህኑን ልሶታል።»

«እንግዲያ የልጅሽ ሳይሆን የቀይ ሥሩ ቀለም ነው። አንቺስ?»

ሴትዮዋ መሬት መሬት አየች። ለካ እሷንም አስደንግጧታል፤ ለመናገር ግን አፍራለች። ከዚያ ቀን በኋላ ቀዩን ሳጥን ስበሳ «ነገ እንዳትደነግጡ» ማለት የሥራዬ አካል ሆነ። ወንዶቹ ሲሰሙ ይሽኮረመማሉ።

አሁን ስለ ከባዱ ጊዜያችን ልጻፍ።

በመጀመሪያው የፋሲካ በዓላችን ድርጅቱ ደግ ነገር አሰበ። ለበዓሉ ይድረስላቸው ብሎ የወሩን ኩፖን በቀዳም ሥዑር አደረገው። እትዬም መልካም አሰቡ። ሁዳዴን ሙሉ ጎመን ረፋድ ሳይደርስ ነበር የሚያልቀው። ስለዚህ አንዲት ፒክአፕ ሙሉ ጥቅል ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮትና ድንች አስጫኑ። አወረድን፣ ደረደርን፤ ግድግዳ የሚያህል ጎመን ሆነ። እትዬም ጾመኛ፣ እኔም ጾመኛ። በየቤታችን ዶሮ ታስሮ እየጮኸ እኛ ጎመን እንደረድራለን፤ አንዳችንም ቆም ብለን አላሰብንም።

ሰዎቹ ቄጤማቸውን በራሳቸው ላይ አስረው መጡ። ጎመኑን አዩት። ከዚያ እትዬን አዩ።

«ሽንኩርት የለም?» አለች የመጀመሪያዋ።

ሽንኩርት በኩፖኑ አይፈቀድም። ድርጅቱ «ሽንኩርት ማጣፈጫ እንጂ ምግብ አይደለም፤ ከፈቀድነው ሰው እሱን ብቻ ወስዶ ይሄዳል» ብሎ ከዝርዝሩ አውጥቶታል። እትዬም ስለማይፈቀድ አይዙትም፤ ሽንኩርት የምትሸጠው ከጎናችን ያለችው ዘይነባ ናት። ግን በፋሲካ ዋዜማ ያለ ሽንኩርት ምን ይሠራል? የዶሮ ወጥ ግማሹ ሽንኩርት ነው። ዋጋው ደግሞ ያን ሳምንት ጣሪያ ይነካል።

እማማ ስንቅነሽ መጡ። ከሱቃችን በላይ ባለችው ጠባብ ቅያስ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው፤ ምላሳቸው ግን የሰፈር ሙሉ ሰው ያህላል። ኩፖናቸውን ከነጠላቸው ቋጠሮ አውጥተው፣ ጎመኑን አይተው፣ መልሰው ቋጠሩት።

«እማማ፣ ዛሬ ካልተጠቀሙበት ይሞታል» አልኳቸው።

«ይሙታ። ሃምሳ አምስት ቀን ጎመን በላሁ፤ ጌታ ሊነሣ ሲል ደግሞ ጎመን ይዤ ልግባ? ምን ትለኛለች ዶሮዬ?»

አንዳንዶቹ ከይሉኝታ ብዛት ትንሽ ካሮት ወሰዱ። አብዛኛው ተመልሶ ሄደ። ከበዓሉ በኋላ ሱቁን ስንከፍት ሽታው ቀድሞን ወጣ። ጎመኑን ከብት የሚያደልብ ሰው መጥቶ ጫነው። ማክሰኞ ዕለት እማማ ስንቅነሽ ቤት ድንች ይዤ ስሄድ ዶሮዋ ከአልጋው እግር ጋር ታስራ እህል ትለቅማለች። የሽንኩርት ዋጋ እስኪወርድ እየጠበቁ ነበር። የፈሰኩት ከጎረቤት በመጣላቸው ወጥ ነው። «ለምደናል እኮ፣ ስም ላወጣላት ነው» አሉኝ። ሳቅኩ፤ መንገድ ላይ ግን ሳቁ ጠፋብኝ።

ከድርጅቱ የሚከታተሉን አስተባባሪ አቶ ደረጄ ይባላሉ። ወጣት ናቸው፣ ሸሚዛቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው። መጥተው ያልተበሱትን ኩፖኖች ብዛት ተናገሩ፤ «ወይዘሮ አባይነሽ፣ ሰው ሱቅዎን አልወደደውም ማለት ነው። እንዲህ ያለ ነገር ከተደገመ ሌላ ሱቅ እንድፈልግ እገደዳለሁ» አሉ።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳ። እትዬ አባይነሽ ኩፖኑ ከመምጣቱ በፊት ጉሊት ነበሩ፤ መንገድ ዳር፣ በአንድ ጥላ ሥር፣ ጆንያ አንጥፈው። የሱቋን ኪራይ የሚከፍለው የኩፖኑ ቅዳሜ ነው። ኩፖኑ ከሄደ ጣሪያው ይሄዳል፤ እሳቸውም ከነሚያማቸው ጉልበታቸው ጭቃ ላይ ተመልሰው ይቀመጣሉ። ያንን ክረምት ዝናብ በዘነበ ቁጥር ቀና ብለው ቆርቆሮውን ሲያዳምጡ አያቸው ነበር።

ዓመቱ ዞሮ ፋሲካ ሲቃረብ ድርጅቱ አሁንም ኩፖኑን በቀዳም ሥዑር አደረገው። እትዬ ነጠላቸውን አጣፍተው አቶ ደረጄ ዘንድ ሄዱ፤ እኔም ተከተልኩ።

«ለዚያች ቀን ብቻ ሽንኩርት ይፍቀዱልኝ።»

«አልችልም እናቴ። ዝርዝሩ ከላይ ነው የሚመጣው።»

«ከላይ ያሉት ዶሮ አይበሉም?»

«እሱን አልጠየቅኳቸውም» አሉ አቶ ደረጄ፣ ሳቅ እያመለጣቸው። ግን አልፈቀዱም።

መፍትሔው የመጣው ከዘይነባ ነው። ዘይነባ ከወሎ የመጣች፣ ሦስት ልጆች ያሏት ሴት ናት። «አንቱ አትበዪኝ፣ አሮጊት ታደርጊኛለሽ» ስላለችኝ ነው እንዲህ የምጽፈው። በሱቋና በሱቃችን መካከል ያለው አንዲት ጣውላ ብቻ ነው። አርብ ለጁምዓ ሰላት ስትሄድ እትዬ ሽንኩርቷን ይሸጡላታል፤ እሑድና በታቦት ቀን እሷ ሱቃችንን ትጠብቃለች። በዚያ ሳምንት እንዲሁ ስናወራ እኔ ሁልጊዜ የማላውቀውን መጠየቅ ስለምወድ «ዘይነባ፣ እናንተ በሁዳዴ ምን ትበላላችሁ?» አልኳት።

«ያገኘነውን ነዋ። ጎመን ብቻ አናገኝም።»

«ለምን?»

«እናንተ ትጨርሱታላችኋ። ልጆቼ ጎመን በሥጋ ካሉኝ ስንት ጊዜያቸው። ገበያ ስወጣ ጾመኛው ቀድሞኝ ጠርጎታል፤ የተረፈው ደግሞ ዋጋው አይቀመስም።»

ይህን ለእትዬ ስነግራቸው ካሮት እያጠቡ ነበር። እጃቸው ውኃው ውስጥ እንዳለ ቆመ። ጣውላዋን ጠጋ ብለው «አንቺ ዘይነባ» አሉ።

«አቤት እትዬ።»

«ቅዳሜ ጎመን ብሰጥሽ ሽንኩርት ትሰጪኛለሽ?»

«ለእርስዎ ከሆነ በነፃ ይውሰዱ።»

«ለኔ አይደለም። ለሰፈሩ ሁሉ ነው።»

ሽንኩርት በዓመት ውስጥ ከፍ ያለ ዋጋ የሚያወጣው በዚያች ቅዳሜ ነው፤ በዓሉ የእሷ አይሁን እንጂ ዋና ገበያዋ ያቺ ቀን ናት። ጎመኑን ለቤቷና በሰፈሩ ላሉት የወሎ ሰዎች ብትሸጠው እንኳ ያን ያህል አያወጣላትም። ይህን ሁሉ ስታሰላ ከፊቷ ላይ አየሁት።

«አንድ ጥቅል ጎመን በአንድ መደብ ሽንኩርት» አለች በመጨረሻ። «መደቡን ግን የምሠራው እኔ ነኝ፤ እርስዎ እጅዎ ይሰፋል።»

ቅዳሜ ደረሰ። ሰዎቹ ቄጤማቸውን አስረው መጡ፤ ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር ወሰዱ፣ እኔ ሦስቱንም ሳጥን በሳሁ፤ ከዚያ ጣውላዋን ዞረው ጎመኑን ለዘይነባ ሰጥተው ሽንኩርት ይዘው ይወጣሉ። የዘይነባ ዘመዶች ወሬውን ሰምተው ከመሳለሚያ ጭምር ለጎመን መጥተዋል። አንድ ወገን ሽንኩርት ይዞ ወደ ላይ፣ አንድ ወገን ጎመን ይዞ ወደ ታች። ሰርግ ይመስል ነበር።

አቶ ደረጄ ረፋዱ ላይ ብቅ አሉ። የተበሱትን ኩፖኖች ክምር አይተው ፊታቸው በራ። «ጎበዝ፣ ዘንድሮስ ተወዳችሁ» አሉ። በዚህ መሃል እማማ ስንቅነሽ ጎመናቸውን አቅፈው ከፊታቸው አለፉ፤ ጣውላዋን ዞሩ፤ ሽንኩርት አቅፈው ተመለሱ። አቶ ደረጄ በዓይናቸው ሸኟቸው። የፊታቸው ብርሃን ጠፋ።

«ወይዘሮ አባይነሽ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

እትዬ ሊዋሹ ይችሉ ነበር። «ገዝተው ነው» ቢሉ ማን ያውቃል። «ጎመናቸውን በሽንኩርት ለውጠው ነው» አሉ።

«ኩፖኑ በሌላ ነገር አይለወጥም፤ ጀርባው ላይ ተጽፏል።»

«ኩፖኑን የለወጠ የለም። ኩፖኑ ተበስቶ እዚህ አለ።»

«ያው ነው እኮ እናቴ።»

«ያው ከሆነ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እሳቸው ጎመኑን ካነሱት በኋላ ጎመኑ የማን ነው? የኔ ነው? የእርስዎ ነው?»

«የሚበሉት እሳቸው ናቸው ተብሎ ነው የተሰጣቸው።»

«ዛሬ የማይበሉትንስ?»

እማማ ስንቅነሽ ሽንኩርታቸውን እንደታቀፉ ጠጋ አሉ። «አንተ ልጅ፣ አምና ኩፖንህ በቋጠሮዬ ውስጥ ሞተ። ዘንድሮ ጎመንህን የዚህች ልጆች ይበሉታል። የቱ ነው የከፋብህ?»

«እማማ፣ እኔም አለቃ አለኝ።»

«እሱንስ ማን የሌለው አለ።»

አቶ ደረጄ ያዩትን በወረቀት አሰፈሩ። እጃቸው ትንሽ ሲዘገይ አይቻለሁ። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ሊሄዱ ሲሉ ዘይነባ ፊት ቆሙ። «ሦስት መደብ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ደህና ደህናውን ምረጪልኝ፤ ቤት እየጠበቁኝ ነው።» ዘይነባ መርጣ ሰጠቻቸው፤ እንደ ማንኛውም ደንበኛ ምራቂም ጨመረችላቸው።

ከበዓሉ በኋላ የእትዬ ሱቅ ከኩፖኑ ተሰረዘች።

እትዬ አላለቀሱም። ሚዛኑን ወለወሉ፣ ጥላቸውን ከጓዳ አውጥተው የተሰበረ ዘንጉን በሲባጎ አሰሩ። ይህን ማየት ከበደኝ። ያቺን የጎመን ወሬ ከዘይነባ አምጥቼ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ይህን ስላቸው «ጥያቄ ጠየቅሽ እንጂ ምን አጠፋሽ» አሉኝ። «ነገም ጠይቂ።»

ነገ ግን የጠየቁት አቶ ደረጄ ነበሩ። ሰፈሩ ያለ ኩፖን ሱቅ መቆየት ስለማይችል ሌላ ነጋዴ ይፈልጋሉ፤ ንግድ ፈቃድ ያለው፣ መንገዱ ላይ ያለ፣ በድርጅቱ ዘንድ ጥፋት ያልተመዘገበበት። በእኛ መንገድ ይህን የምታሟላው አንድ ሰው ብቻ ነበረች። ዘይነባ ከድርጅቱ ጋር ውል ስላልነበራት ያፈረሰችው ነገር አልነበረም።

«እኔ?» አለች ዘይነባ። «እኔ ሽንኩርት ነው የማውቀው። ጎመን በየት በኩል እንደሚታይ አላውቅም።»

«የሚያውቅ ሰው መቅጠር ይችላሉ» አሉ አቶ ደረጄ። እትዬ አጠገባቸው ቆመው ሚዛን ይወለውላሉ፤ አቶ ደረጄ ግን ወደሳቸው አልዞሩም።

«ማንን ልቅጠር?»

«እሱን እኔ አልጠይቅም።»

ዘይነባ እትዬን አየች። እትዬ ሚዛኑን አዩ። «እንግዲያ እሺ» አለች። «ግን ፈቃዴ ላይ ያለው ሽንኩርት ነው። ሌላውን ያስጨምሩልኝ።»

አቶ ደረጄ የንግድ ፈቃዷን ተቀብለው አነበቡ። ብዙ ጊዜ ቆዩበት። «ውል የምንጽፈው» አሉ ቀስ ብለው፣ ለራሳቸው የሚያወሩ ይመስል፣ «ፈቃዱ ላይ በተጻፈው ላይ አትክልቱን ጨምረን ነው። ፈቃዱ ላይ የተጻፈውን ማውጣት የኔ ሥልጣን አይደለም።» ቀና ሲሉ ዓይናቸው ከእትዬ ዓይን ጋር ተገናኘ። ሽንኩርት በዚያች ቀዳዳ ወደ ውሉ ገባ።

በዚያው ሳምንት ጣውላዋን ነቀልናት። ሁለቱ ሱቆች አንድ ሆኑ፤ ኪራዩንም ለሁለት ተካፈሉት። የሱቁ ማኅተም በዘይነባ እጅ፣ ጆንያው ውስጥ የሚገባው እጅ የእትዬ፣ መብሻው የኔ። እትዬ የተቀጠሩ ሰው ሆኑ። «አለቃዬ» ይሏታል ዘይነባን፤ ዘይነባ በሰማች ቁጥር ሽንኩርት ትወረውርባቸዋለች። ጥላው ወደ ጓዳው ተመለሰ፤ በቀጣዩ ክረምት ዝናቡ ሲመጣ እትዬ ቀና አላሉም።

ስለ ሽንኩርቱ አንድ ነገር በጣም እያጓጓኝ ነበር። ድርጅቱ «ከፈቀድነው ሰው እሱን ብቻ ወስዶ ይሄዳል» ብሎ አልነበር? እኔም ልክ ይሁኑ ስህተት ማየት ፈለግሁ። በአዘቦቱ ወራት ሰው የወሰደው ትንሽ ትንሽ ነው፤ ሌላው እንደ ወቅቱ ነበር። እውነተኛው ፈተና ግን ሽንኩርት የተፈቀደበት የመጀመሪያው ቀዳም ሥዑር ነበር። በጠዋት ሱቅ ከፍተን እትዬ በአንድ በኩል ሽንኩርቱን፣ በሌላ በኩል ጥቂት ጎመን አደረጉ። ቄጤማ ያሰረው ሰው እየመጣ ሽንኩርት ወሰደ። ድርጅቱ ለዚያች ቀን ትክክል ነበር ማለት ነው።

እማማ ስንቅነሽ በመጨረሻ መጡ። ቋጠሯቸውን ፈትተው ኩፖኑን ሰጡኝ።

«ሽንኩርት እማማ?»

«ግማሹን ሽንኩርት።»

«ግማሹንስ?»

«ጎመን።»

እትዬ አባይነሽ ሚዛኑን ይዘው ቆሙ። «ስንቅነሽ፣ ዛሬ? ጎመን?»

«ሥራሽን ሥሪ።»

እትዬ በሁለት እጃቸው ሁለት ጎመን አንስተው መዘኑ፤ የከበደውን መረጡ። እማማ ስንቅነሽ ተቀበሉ፤ ክብደቱን እሳቸውም አንዴ ሞከሩት። ከዚያ ዞረው ማኅተሙን ይዛ ለተቀመጠችው ለዘይነባ ጭኗ ላይ አስቀመጡላት።

«ለልጆችሽ ነው» አሉ። «ነገ ሥጋ ስበላ እነሱ ጎመን አላገኙም ብዬ እንዳላስብ።»

ዘይነባ በዙሪያዋ ያለውን ጎመን አየች፤ ሁሉም የሱቋ ነው። ልትናገር አፏን ከፍታ ተወችው። ጎመኑን በነጠላዋ ሸፈን አደረገችና «አላህ ይስጥልኝ፣ እማማ» አለች። እኔም አረንጓዴውን ሳጥን በሳሁ።